በርበሬ በማዕድ፣ በርበሬ በእንክብል፦ ስለ ክብደትና ስለ አጥንት ጤና

(በየደብሩ ለሚያገለግሉ የጤና በጎ ፈቃደኞችና እናቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ንግግራችን ስለ በርበሬ ነው። ስለ በርበሬ አያያዝ ለእናንተ ልናስተምር አልተነሣንም፤ ቀንጥሳችሁ፣ በፀሐይ አስጥታችሁ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ደልዛችሁ፣ ቅመሙን ጨምራችሁ የምታስፈጩት እናንተ ናችሁና። ልንናገር የወደድነው ከማዕዱ ተለይቶ፣ ተጨምቆና ተነጥሮ፣ በእንክብል ተሞልቶ ስለሚሸጠው በርበሬ ነው። «ክብደት ይቀንሳል፣ አጥንት ያጠነክራል» እየተባለ ወደየቤታችን ስለሚገባው ጠርሙስ ነው።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረጉን አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አናነሣም። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ነው። ከአንድ ሥልጠና በኋላ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠብቀው ወደ እኛ ቀረቡና ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ጠርሙስ ፈትተው ሰጡን። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጃቸው የላከችላቸው ነው። በላዩ የቀይ በርበሬ ሥዕል አለ፤ የበርበሬና የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር እንደያዘም ተጽፎበታል። እኒህ እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሰውነታቸው ስለከበደ ነው ተብለዋል። የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። እንክብሉ ሁለቱንም ነገር ያደርግልኛል ብለው እራታቸውን ትተው፣ ከቤት መውጣትም አብዝተው ቀንሰው፣ ጠዋትና ማታ ይውጡ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በደጃፋቸው ተንሸራተው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወደ እኛ ሲመጡ እጃቸው ገና በጀሶ ታስሮ ነበር።

ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ «ልቀጥል ወይስ ልተው?» አሉን። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ ግን ቅር እንዳትሰኝብኝ» አሉ። ለእርሳቸው የመለስነውን መልስ ሰፋ አድርገን ለእናንተ ለማቅረብ እንወዳለን፤ ይህን ጠርሙስ የያዙ እናቶች በየአጥቢያችሁ ይኖራሉና።

ማቃጠሉ ከምን የመጣ ነው?

በርበሬ የአገራችን ጥንታዊ ተክል ቢመስልም የመነጨው በአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረውም እ.ኤ.አ. ከ1492 የኮሎምበስ ጉዞ ወዲህ ነው። ቁንዶ በርበሬ ግን ከእስያ የመጣ ሌላ ተክል ነው። ሁለቱ በስም ቢገናኙም በዘር አይዛመዱም፤ የሚያቃጥላቸውም ንጥረ ነገር አንድ አይደለም። የበርበሬው ካፕሳይሲን፣ የቁንዶ በርበሬው ፓይፐሪን ይባላል። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ብዙ ሰው የበርበሬ ማቃጠል በፍሬው ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ካፕሳይሲን በብዛት የሚገኘው ግን ፍሬዎቹ በተያያዙበት ነጭ ክፍል ላይ ነው። ቃሪያውን ለስንግ ስትሰነጥቁ ያን ነጭ ክፍል ጠርጋችሁ ስታወጡት ማቃጠሉ የሚበርደው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቪድ ጁሊየስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በነርቮቻችን ላይ ካፕሳይሲንን የሚቀበለውን ክፍል ለይተው አገኙ። ይህ ተቀባይ የእሳትንም ትኩሳት የሚያስታውቀን ነው። ስለዚህ በርበሬ የበላ ሰው «ተቃጠልኩ» ሲል ነርቩ እሳት እንደነካው አድርጎ እየነገረው ነው። ተመራማሪውም በ2021 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሁለት ሊቃውንት አንዱ ሆነዋል።

ካፕሳይሲን እንግዲህ በሰውነት ላይ እውነተኛ ኃይል ያለው ነገር ነው። ከመቶ ስምንት እጅ ካፕሳይሲን ያለበት በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት በአሜሪካ ከ2009 ጀምሮ፣ አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም በሐኪም እጅ ይሰጣል። ስለሆነም «በርበሬ ምን ያደርጋል?» ብለን አናቃልልም። የምንጠይቀው፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያደርጋል ወይ ብለን ነው።

ክብደትን በተመለከተ

በርበሬ የበላ ሰው ያልበዋል፤ ሰውነቱ ይሞቃል። ይህ ሙቀት ከየትም አይመጣም፤ ሰውነት የያዘውን ኃይል ጥቂት አብዝቶ ስላቃጠለ ነው። እንክብሉን የሚሸጡ ሰዎች የሚነሡትም ከዚህ እውነት ነው። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ግምገማ እንዳመለከተው፣ ካፕሳይሲንን የሚወስድ ሰው በቀን አብዝቶ የሚያቃጥለው በአማካይ 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው።

50 ኪሎ ካሎሪ ምን ያህል ነው? በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ የምንጨምረው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያንኑ ያህል ኃይል አለው። በወጥ ላይ የሚፈስስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከዚህ ዕጥፍ በላይ፣ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። እንግዲህ የወሩ ጠርሙስ ሁሉ የሚያደርገውን ሥራ፣ ሻዩን ያለ ስኳር የጠጣ ሰው ያለ ምንም ወጪ ይሠራዋል ማለት ነው።

ይህች ትንሽ ጥቅም እንኳ በሚዛን ላይ ሁልጊዜ አትታይም። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ በመጀመሪያ በምግብ ቅነሳ ክብደታቸውን ዝቅ ያደረጉ ሰዎች ለሦስት ወር ተከታተሏቸው። ለከፊሎቹ በቀን 135 ሚሊግራም ካፕሳይሲን፣ ለከፊሎቹ ምንም የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ተሰጣቸው። ካፕሳይሲን የወሰዱት ሰውነታቸው ስብ አብዝቶ ማቃጠሉ በምርመራ ታየ፤ ሆኖም የቀነሱት ክብደት ተመልሶ ከመምጣት አልዳኑም። ሰውነት በአንድ በኩል የወሰዱበትን በሌላ በኩል የሚያካክስ ጠንቃቃ መጋቢ ነውና።

ከዚህ የሚብስ አደጋም አለ። «ክብደት ይቀንሳሉ» ተብለው በሚሸጡ ማሟያዎች ውስጥ በላያቸው ያልተጻፈ መድኃኒት ተደባልቆ መገኘቱን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደጋግሞ አስታውቋል። ከእነዚህም አንዱ ሲቡትራሚን ነው። ይህ መድኃኒት ለልብ ሕመምና ለአንጎል የደም ሥር አደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካም በአውሮፓም ከገበያ ወጥቷል። አንድ እንክብል በፍጥነት የሚያከሳ ሆኖ ከተገኘ በርበሬውን ከማመስገናችን በፊት ሌላ ነገር እንዳለበት መጠርጠር ይገባናል።

አጥንትን በተመለከተ

አጥንት እንደ ድንጋይ የቆመ ነገር አይደለም። ዕለት ዕለት የሚያፈርሱት ሕዋሳት አሉ፤ የሚገነቡትም አሉ። እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚገነባው ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈርሰው ቀስ በቀስ ይበረታል። በሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ ሲቋረጥ አጥንትን ይጠብቅ የነበረው ሆርሞን ስለሚያንስ፣ በተከተሉት ከአምስት እስከ ሰባት ባሉት ዓመታት ከአጥንታቸው እስከ አንድ አምስተኛ ድረስ ሊያጡ ይችላሉ። የአጥንት መሳሳት ሕመም የለውም፤ ራሱን የሚገልጠው በስብራት ነው። ከመጀመሪያዎቹም ስብራቶች አንዱ የእጅ አንጓ ነው። ወደ እኛ የመጡት እናት እጅ የተናገረው ይህንን ሊሆን ይችላል።

በርበሬው በዚህ ላይ ምን ያደርጋል? የምናገኘው ማስረጃ በአይጦች ላይ የተደረገ ነው፤ እርሱም እርስ በርሱ አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ብዙ ካፕሳይሲን ተሰጥቷቸው የስሜት ነርቮቻቸው የተጎዱ አይጦች አጥንታቸው ሳሳ። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ካፕሳይሲንን የሚቀበለውን የነርቭ ክፍል በመድኃኒት ሲዘጉት፣ ዕንቁላል ማምረቻቸው ከወጣ አይጦች የሚጠፋው አጥንት እንደቀነሰ አሳየ። ተቀባዩን መዝጋት አጥንትን ከጠበቀ፣ ያንኑ ተቀባይ የሚቀሰቅሰውን በርበሬ «አጥንት ያጠነክራል» ብሎ መሸጥ ምን ያህል ችኮላ እንደሆነ አስተውሉ። ካፕሳይሲን አጥንትን ይጠቅማል የሚሉ የእንስሳት ጥናቶችም አሉ። በሰው ላይ ግን የበርበሬ እንክብል የአጥንትን ስብራት እንደሚከላከል የተረጋገጠ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ጠርሙሱ የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ክብደትን መቀነስና አጥንትን ማጠንከር አብረው የሚሄዱ ተደርገው ተጽፈዋል፤ በእውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ። አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲኖርበት ነው፤ የሚሸከመው ሲቀንስ እርሱም ይቀንሳል። ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛውን የቀነሰ ሰው ከዳሌ አጥንቱም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ሊያጣ ይችላል። ቅጥነት ራሱ ለአጥንት መሳሳት ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። በተለይ እራትን በመተውና በመቀመጥ የሚመጣ ክሳት ሥጋውንም አጥንቱንም ይዞ ይሄዳል። ክብደታቸው ሊቀንስ የሚገባቸው ሰዎች መኖራቸውን አንክድም፤ ጉልበት ለታመመ፣ ስኳር ወይም ግፊት ላለበት መቀነስ ይጠቅማል። ነገር ግን በዝግታ፣ በቂ የጥራጥሬ ምግብ እየበሉና እየተንቀሳቀሱ ሊሆን ይገባል።

ከመድኃኒት ጋር ሲገናኝ

አሁን ወደ ቁንዶ በርበሬው እንመለስ። በብዙ የማሟያ እንክብሎች ላይ የተነጠረ ፓይፐሪን ይጨመራል። የሚጨመርበትም ምክንያት የታወቀ ነው፤ ጉበትና አንጀት የገባውን ባዕድ ነገር እየሰባበሩ የሚያስወጡበትን ሥራ ፓይፐሪን ያዘገየዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት 20 ሚሊግራም ፓይፐሪን ከእርድ ንጥረ ነገር ጋር በተሰጠ ጊዜ፣ ወደ ሰው ደም የሚገባው የእርዱ ንጥረ ነገር በሃያ ዕጥፍ ጨምሯል።

ይህ ለሻጩ መልካም ዜና ነው፤ ለታማሚ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ፓይፐሪን የእርዱን ብቻ መርጦ አያዘገይምና። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን በደም ውስጥ መጠኑ ከፍ እንደሚል ታይቷል፤ ፌኒቶይን ደግሞ በሚፈውሰውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ የሆነ መድኃኒት ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የልብ መድኃኒት፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዲህ ያለውን እንክብል ሊውጥ አይገባውም። በወጥ ላይ ለጣዕም የምንነሰንሳት ቁንዶ በርበሬ በእንክብል ከሚመጣው ጋር በመጠን አትተካከልም፤ ስለ ምግባችሁ አትስጉ።

የበርበሬውም እንክብል የራሱ መዘዝ አለው። የጨጓራ ሕመም ያለበትን ያቃጥላል፤ ተቅማጥም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከቱርክ በታተመ የሕክምና ዘገባ፣ ለመክሳት ብሎ የበርበሬ እንክብል የወሰደ የ25 ዓመት ወጣት በልብ ድካም አደጋ ሆስፒታል መግባቱ ተጽፏል። አንድ ሰው ደረሰበት ማለት ሁሉ ይደርስበታል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን «ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ቃል እውነት አለመሆኑን ያሳያል። በማዕድ ላይ አፋችን ራሱ ዳኛ ነው፤ ሲበዛ «በቃ» ይለናል። እንክብል ግን ምላስን አልፎ ስለሚሄድ ያን ዳኛ ያሳልፈዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አጥንታችን የሚፈልገው ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ በቂ የግንባታ ምግብና እንቅስቃሴ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በጋራ ባወጡት ምክር መሠረት የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች በቀን 1300 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ከዓመቱ የሚበልጠውን ክፍል ከወተትና ከወተት ተዋጽኦ ተከልክለን የምንጾም ሕዝብ ነን። ስለዚህ የጾሙ ማዕድ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለእኛ ከማንም ይልቅ ይገደናል።

መልካሙ ነገር የጾም ምግባችን ባዶ አለመሆኑ ነው። መቶ ግራም ጤፍ ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ይህም ከስንዴና ከሩዝ በብዙ ይበልጣል። ሊጡ መቡካቱም ማዕድናትን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ይበልጥ እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ልጡ ያልተነሣ ሰሊጥ በመቶ ግራም ከ900 ሚሊግራም በላይ ይዟል፤ ሁሉም ባይዋሐደን እንኳ ከፊሉ ይጠቅመናል። ተልባም አለ። ጎመን ደግሞ ካልሲየሙ በቀላሉ የሚዋሐድ ቅጠል ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ለአጥንትም ለጡንቻም ግንባታ ይሆናሉ። ጾሙ በተፈታ ጊዜም ወተቱን፣ እርጎውንና አይቡን ለልጆች ብቻ ሳይሆን ለአረጋውያን እናቶችም እናድርስ፤ በብዙ ቤት እናት ለሁሉ አቅርባ ራሷ በመጨረሻ የተረፈውን ትቀምሳለችና። የታመመ፣ የደከመ፣ የተሰበረ ሰውም ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ አባቶችም በዚህ ጉዳይ የሐኪምን ቃል እንድትሰሙ በትሕትና እንለምናለን።

ቫይታሚን ዲን ሰውነታችን በፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን ያስፈልገዋል፤ ሰውነቱን ሸፍኖ ከቤት የማይወጣም ሰው በፀሐይ አገር እየኖረ ሊያጣው ይችላል። በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩ ልጆቻችን በክረምቱ ወራት ፀሐዩ አይበቃቸውም፤ ለእነርሱ የቫይታሚን ዲ ማሟያ በሐኪም ምክር ተገቢ ነገር ነው። ማሟያን ሁሉ የምንነቅፍ እንዳይመስላችሁ ይህን እንናገራለን። የጎደለውን የሚሞላ ማሟያ አለ፤ ያልጎደለውን የሚሸጥም አለ። በርበሬ በኢትዮጵያዊ ቤት ጎድሎ አያውቅም።

ስለ እንቅስቃሴም የምንለው ብዙ አይደለም። በእግር መሄድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ቆሞ መሥራት አጥንትን ያነቃዋል። ስግደት ጸሎት ነው፤ ለሰውነት ማጎልመሻ የተሠራ አይደለም፤ ነገር ግን ጉልበቱ የሚችል ሰው ሲሰግድና ሲያስቀድስ ሰውነቱም ሳያስበው በረከት ያገኛል። ከዚህ ጋር በየቤቱ የሚያድጡ ደጃፎች ይስተካከሉ፤ ሌሊት ለሚነሡ አረጋውያን መብራት ይደረግላቸው። ብዙ ስብራት የሚድነው ከመውደቅ በመዳን ነው።

ለበጎ ፈቃደኞች የምናሳስበው ይህ ነው። ጠርሙስ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች አትሳቁባቸው፤ አትቆጡም። ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠይቁ። ጠርሙሱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ምከሩ፤ «እቤት ያለ ነገር ነው» ብለው ለሐኪሙ ሳይናገሩ እንዳይቀሩ። የሐኪም መድኃኒታቸውን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አጥብቃችሁ ንገሩ። በመውደቅ አጥንታቸው የተሰበረ እናት ስታዩም ስብራቱ ከተጠገነ በኋላ የአጥንታቸው ጤና እንዲመረመር አመልክቱ።

ወደ ጀመርንበት እንመለስ። እኒያ እናት ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ሄዱ። ሐኪሙ እንክብሉን አስተዋቸው፤ እራታቸውን እንዲበሉ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ እንዲራመዱ አዘዛቸው፤ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ማሟያም ጻፈላቸው። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ከሐኪሙ ይልቅ የከበዳቸው ነገር ነበር፤ ለልጃቸው መንገር። በእኛ ፊት ደወሉላት። «የላክሽልኝ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ግን ይህን አትግዢ፤ ገንዘብሽን ለራስሽ ያዢው» አሏት። ቀጥለውም ከእኛ የሰሙትን አስታውሰው፣ «አንቺስ ከዚያ ቤት ወጥተሽ ፀሐይ ታያለሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት። በስልኩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። እኛም ለእናቲቱ ያሰብነው ምክር ለልጂቱም እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ተረዳን። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተዘግተው የሚውሉ እኅቶቻችን፣ በፀሐይ መካከል ሆነው ፀሐይ የማያገኙ ናቸው። ስትደውሉላቸው ይህን ጠይቋቸው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን አስተምሮናል። ማደሪያውን የምንጠብቀው በጤፉ፣ በጎመኑ፣ በፀሐዩና በእርምጃው ነው፤ በርበሬውም በወጡ ውስጥ እንደ ልማዱ ማዕዱን ያጣፍጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።